የወንድማችን መልሶች

ረመዳን ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቤታችን አንድ ስልክ ተደወለ። የደወለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ሰዎች ቤታቸው ከገቡ በኋላ ኑሯቸው ምን እንደሚመስል ጥናት እየተሠራ መሆኑን ነገረችን። ወንድማችን ፈቃደኛ ከሆነ ቤት ድረስ መጥታ ልታነጋግረው እንደምትፈልግም ገለጸች። ስልኩን ያነሱት አባታችን ነበሩ። «እናስብበት» ብለው ዘጉት። የእሳቸው «እናስብበት» ምን ማለት እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቀዋል።

በረመዳን ስለ ኢፍጣር ማዕድ፣ ስለ ዘካና ስለ ተራዊህ ብዙ ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ግን በዚያ ስልክ የተነሳ ቤታችን ውስጥ ስለተነሳው ክርክርና ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። በየሰፈሩ እንደ ወንድማችን ቤት የዋለ ሰው ያላቸው ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ነገ ተመሳሳይ ስልክ ሊደወልላቸው ይችላል።

ወንድማችን ለሳኝ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፖንቴ ላይ ቆሞ የሕንፃውን የውጭ ግድግዳ ሲለስን የረገጠው ጣውላ ከዳው። ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር። ነፍሱ ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የታችኛው የጀርባ አከርካሪው ተሰብሮ በውስጡ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ ጎዳው። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። ሽንቱ የሚወጣው በካቴተር ነው።

ሕብለ ሰረሰር ማለት ከአንጎል ተነስቶ በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ቁልቁል የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ታች ያደርሳል፤ ከታች ያለውን ሕመም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ ወደ ላይ ያመጣል። አንገት ላይ ከተጎዳ እጅም አብሮ ይያዛል፣ መተንፈስም ሊያስቸግር ይችላል። ከወገብ አካባቢ ከሆነ እጅ ይተርፋል። ሰው ሁሉ የሚያየው የማይራመደውን እግር ነው። ቤተሰብ የሚያውቀው ደግሞ ሌላውን ነው፦ ሽንቱን፣ ሰገራውን፣ መቀመጫ ላይ የሚወጣውን የመኝታ ቁስል፣ ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ መገልበጡን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ጉዳት ጋር ይኖራሉ። አብዛኛው መንስኤ መውደቅ፣ የመኪና አደጋና ግጭት ነው። በእኛ አገር የአከርካሪ ነቀርሳም አለ፤ ብዙ ሰው ሳል ብቻ የሚመስለው ቲቢ አከርካሪ ውስጥ ገብቶ ሰውን ከወገቡ በታች ሊያስቀር ይችላል።

አባታችን ያመነቱት ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንድማችን ሆስፒታል ተኝቶ በነበረበት በሁለተኛው ወር፣ ነጭ ጋውን የለበሱ ሦስት ወጣቶች ወደ አልጋው መጡ። «ለጥናት ነው» አሉ። አንሶላውን ገልጠው መቀመጫው ላይ ያለውን ቁስል በሞባይል ፎቶ አነሱ፣ አራት አምስት ጥያቄ ጠየቁ፣ ጽፈው ሄዱ። ስለ ምን ጥናት እንደሆነ፣ ፎቶው የት እንደሚደርስ የነገረን የለም። ተመልሰውም አልመጡ። እናታችን አጠገቡ ቆማ ፊቷን አዙራ እንደነበር አባታችን እስከ ዛሬ ይናገራሉ። «ልጄን እንደ ዕቃ ገልጠው አዩት» ይላሉ። ስለዚህ ስልኩ ሲደወል «ገመናችን ዳግም አደባባይ አይወጣም» አሉ፤ ነገሩ በዚያ የሚያበቃ መሰለን።

የእናታችን ሐሳብ ሌላ ነበር። ጥናት የሚለውን ቃል ስትሰማ ዓይኗ በራ። «ምናልባት አላህ መድኃኒቱን በእነሱ በኩል አምጥቶት ይሆናል» አለች። እኛ ልጆቿ ይህን ተስፋ ማፍረስም ማሳደግም ፈራን። አምስት ዓመት ሙሉ ያልሞከረችው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ውጭ አገር በስቴም ሴል ያድናሉ ስለተባሉ ሰዎች ሰምታ ቤቱን እንሽጥ ብላ ነበር። ስቴም ሴል ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት በዓለም ደረጃ የተረጋገጠና የተለመደ ሕክምና እንዳልሆነ፣ ገና በምርምር ላይ እንዳለ ሐኪም ነግሮን ነው ያስቆምናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በሙከራ ላይ ላለ ሕክምና ተሳታፊውን ብዙ ገንዘብ ክፈል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቆም በሉ። በአግባቡ የሚሠራ ጥናት የሙከራውን ወጪ ራሱ ይሸፍናል፤ በሽተኛው ላይ አይጭንም።

ክርክሩ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ማታ ወንድማችን ከመኝታው ሆኖ «የምትነጋገሩት ስለ እኔ መሆኑን አውቃለሁ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። እውነቱን ነው። አባት እምቢ፣ እናት እሺ፣ እህትና ወንድም መሐል ሆነን ስንሟገት የሰውየውን ቃል የጠየቀ አልነበረም። የጥናት ሥነ ምግባር ደግሞ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰና አእምሮው የተስተካከለ ሰው ፈቃዱን የሚሰጠው ራሱ ነው። ቤተሰብ ይመክራል፣ ያማክራል፤ እሱን ተክቶ እሺም እምቢም አይልም።

ይህ ሕግ እንዲሁ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ብዙ ሰው ተጎድቶበት የመጣ ነው። በናዚ ጀርመን ሐኪሞች በእስረኞች ላይ የሠሩት ግፍ ለፍርድ ከቀረበ በኋላ፣ ያለ ሰውየው ፈቃድ ምርምር አይደረግም የሚለው መርሕ እ.አ.አ. በ1947 ኑረምበርግ ላይ ተጻፈ። እ.አ.አ. በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪን መግለጫ አወጣ። እንዲያም ሆኖ በአሜሪካ አላባማ፣ ተስኪጊ በተባለ ቦታ፣ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የነበረባቸው ጥቁር ወንዶች ሕመማቸው በትክክል ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን የተለመደ መድኃኒት ከሆነ በኋላም ተከልክለው፣ በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ብቻ ሲታዩ ኖረዋል። ይህን ለአባታችን ስናነብላቸው «ታዲያ ፍርሃቴ ልክ አይደለም እንዴ?» አሉ። ልክ ነው። ዛሬ የስምምነት ቅጽ የሚባለው ወረቀት ያለው የእሳቸው ዓይነት ፍርሃት ልክ ስለሆነ ነው። በአገራችንም በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት አስቀድሞ በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ መታየት አለበት፤ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ፈቃድ መስጠት አለበት።

ወንድማችን «ትምጣ፤ ሰምቼ እወስናለሁ» አለ። ባለሙያዋ ረመዳን ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ መጣች። መጀመሪያ ያወጣችው መጠይቁን አይደለም። ጥናቱ በኮሚቴ መጽደቁን የሚገልጸውን ደብዳቤ ለአባታችን ሰጠች። ቀጥላም አንድ ገጽ ተኩል የሚሆን ጽሑፍ በአማርኛ ቀስ ብላ አነበበች። ስሙ በወረቀቱ ላይ እንደማይጻፍና በቁጥር እንደሚተካ፣ የፈለገውን ጥያቄ መዝለል እንደሚችል፣ መሐል ላይ ይብቃኝ ቢል ሕክምናው ላይ ምንም እንደማይጎድልበት፣ ቅሬታ ቢኖረው የሚደውልበት ስልክ የትኛው እንደሆነ ነገረችው። ወንድማችን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ይሄ ጥናት እግሬን ያስነሳኛል?»

«የለም ወንድሜ፤ አያስነሳህም» አለችው። «ለአንተ በቀጥታ የሚሰጥህ ጥቅም ላይኖር ይችላል። ከአንተ በኋላ ለሚመጡት አገልግሎቱ እንዴት እንዲሠራ የሚጠቁም ነው።»

እናታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ወንድማችን ግን ያን ጊዜ ነው እሺ ያለው። በኋላ ስንጠይቀው «ሌሎቹ ሁሉ ኢንሻአላህ ትነሳለህ ነበር የሚሉኝ። እውነቱን የነገረችኝ እሷ ናት» አለን።

ይህን መለየት ለቤተሰብ በጣም ይጠቅማል። ጥናት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የሚያዳምጥና የሚመዘግብ ብቻ ነው፤ ወንድማችን ዘንድ እንደመጣው ማለት ነው። ሌላው አዲስ መሣሪያ ወይም መድኃኒት የሚሞክር ነው። በሁለተኛው ዓይነት ተስፋ የሚሰጥ ውጤት መገኘቱ አልቀረም። እ.አ.አ. በ2024 በታተመ ጥናት፣ አንገታቸው ላይ የተጎዱ ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና በቆዳቸው ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ ለስላሳ የኤሌክትሪክ ንዝረት እየተሰጣቸው የእጅ ልምምድ ሠሩ። ሁለት ወር በልምምድ ብቻ፣ ሁለት ወር ደግሞ ከንዝረቱ ጋር ማለት ነው። ሙከራውን ከጨረሱት 60 ሰዎች መሐል 72 በመቶ የሚሆኑት የእጃቸው ጥንካሬም ሥራም ተሻሽሎ ታየ፤ ከተሳታፊዎቹ መሐል ከተጎዳ 34 ዓመት የሆነው ሰው ይገኝበታል። ለእናታችን ይህን ስንነግራት ደስ አላት። ለወንድማችን ግን እጁ ደህና ስለሆነ የሚያገለግለው አይደለም። ከቀሩት 28 በመቶ መሐል የሆኑትም ጊዜያቸውን ሰጥተው ውጤቱን ሳያገኙ ቀርተዋል። በሙከራ የሚሳተፍ ሰው ይህንን አውቆ ነው መግባት ያለበት።

መጠይቁ ይጀመር ሲባል ደግሞ ሌላ ነገር ተነሳ። ባለሙያዋ «ይቅርታ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻችንን ብንሆን» አለች። ከሁሉም የከበደን ይህ ነበር። የማታውቀው ሴት ብቻዋን ከልጃችን ጋር! አባታችን ፊታቸው ተለዋወጠ። በመጨረሻ በሩ ክፍት ሆኖ እኛ ከበረንዳው እንድንቀመጥ ተስማማን። እኛ እናያለን፣ አንሰማም። እሷም «እንዲህ ከሆነ ደስ ይለኛል» አለች። የሴት ተጎጂ ያላቸው ቤተሰቦች ጠያቂዋ ሴት እንድትሆን መጠየቅ እንደሚችሉም የነገረችን ያን ጊዜ ነው። ከተጎጂዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። በዚህም ላይ ሴት ልጅ ስትጎዳ ከጓዳ የመደበቅ ልማዳችን ሲጨመርበት በጥናቶች ውስጥ የሴቶቹ ድምፅ ይበልጥ ያንሳል። የሴቷ ጥያቄ ደግሞ የተለየ ነው፦ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ልጅ ማሳደግ። ይህን ለሴት ጠያቂ ካልሆነ ለማን ትናገራለች?

ወንድማችን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሲናገር ቆየ። ከበረንዳው ሆነን አንድ ጊዜ ሲስቅ፣ አንድ ጊዜ ዓይኑን ሲጠርግ አየነው። ምን እንዳለ አልጠየቅነውም። ማታ ራሱ ጠራን።

«የጠየቀችኝ በቀን ስንት ብርጭቆ ውሃ ትጠጣለህ ብላ ነው» አለ። «ሦስት አልኳት። ለምን ስትለኝ እውነቱን ነገርኳት።»

እውነቱ ይህ ነበር። ወንድማችን ውሃ የሚቀንሰው የሽንት ከረጢቱ ቶሎ እንዳይሞላ ነው። ሲሞላ ለመድፋት እናታችን ሌሊት ትነሳለች። ጉልበቷን ያማታል። ሲያነቃት ያፍራል። ስለዚህ ከከሰዓት ጀምሮ ውሃ አይቀምስም፤ ረመዳን ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ። ያለፈው ረመዳን በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ትኩሳት ይዞት፣ ሽንቱ ደም መስሎ ሆስፒታል ያደረው ለምን እንደነበር ያን ማታ ገባን። ያኔ «ጾሙ ጎዳው» ብለን ነበር። አምስት ዓመት አብረነው ኖረን፣ አጥበነው፣ ገልብጠነው፣ ይህን አላወቅንም። አንድ እንግዳ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ አወቀ፤ ስለጠየቀ።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ካቴተር ያለው ሰው ውሃ ሲያንሰው ሽንቱ ይወፍራል፣ ተህዋሲያን ይራባሉ፣ ድንጋይ ይፈጠራል፣ ቱቦውም ይደፈናል። ጉዳቱ ደረት ላይና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ደግሞ ፊኛው ሲወጠር የደም ግፊቱ በድንገት ሊያሻቅብ፣ ራሱን ሊፈልጠውና ፊቱን ሊያልበው ይችላል። ይህ አስቸኳይ ነገር ነው። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ የታጠፈ ወይም የተደፈነ ቱቦ ካለ ማየት፣ ካልተሻለው ወደ ሕክምና መሮጥ ያስፈልጋል። የጡንቻ መኮማተርን የሚያስታግሰው ባክሎፌን በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ሆኖ ሳለ «ጾም ነው» ብሎ በድንገት ማቋረጥም አደገኛ ነው፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥና ቅዠት ሊያመጣ ይችላል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጾሙ በየትኛውም ወቅት 13 ሰዓት ገደማ ነው። ለጤነኛ ሰው የሚቻል ነው። ለወንድማችን ግን 13 ሰዓት ያለ ውሃ ማለት ምን እንደሆነ አየነው።

በማግስቱ አባታችን ራሳቸው ተነስተው የመስጂዳችንን ሼህ ይዘው መጡ። ሼሁ ወንድማችን አጠገብ ቁጭ ብለው ሐኪሙ ምን እንዳለ ጠየቁ፤ ወረቀቱን አዩ። ለህመምተኛ የተሰጠው ፈቃድ በቁርኣን፣ በሱረቱል በቀራ ጾም በተደነገገበት በዚያው ቦታ የተቀመጠ እንጂ ሰው የፈጠረው ማምለጫ እንዳልሆነ አስረዱት። ሐኪም ይጎዳሃል ካለና ሕመሙ የሚነሳ ካልሆነ ቀዳ ሳይሆን ፊድያ እንደሚወጣ፣ ይህም ለእያንዳንዱ ቀን ድሃ ማብላት መሆኑን ነገሩት። ካቴተር ያለው ሰው ሽንቱ ሳያቋርጥ እንደሚወርድበት ሰው የሶላቱ ወቅት ሲገባ ውዱእ አድርጎ እንደሚሰግድ፣ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ ተኝቶ እንደሚሰግድ አብራሩለት። ወንድማችን እያለቀሰ «ሰው ሲጾም እኔ ውሃ ስጠጣ ያሳፍረኛል» አለ። ሼሁ «አብሽር ልጄ፤ አላህ ያቀለለልህን አንተ ለምን ታከብዳለህ?» አሉት። እኛ ደግሞ ማፈር ያለብን እኛ ነን ብለን አሰብን።

አባታችን በዚያው ስለ ጥናቱም ጠየቋቸው። «ገመናን ማውጣት አይሆንም ወይ?» አሉ። ሼሁ ጥቂት አሰቡ። ገመና ማውጣት ማለት የሰውን ነገር ያለ ፈቃዱ መበተን ነው፤ ባለቤቱ ፈቅዶ፣ ስሙ ተሸሽጎ፣ ለሌላው ጥቅም የሚሰጠው ቃል ግን በተቀባዩ ላይ አማና ነው አሉ። አማናውን የበላ ደግሞ የሚጠየቀው እሱ ነው። እግረ መንገዳችንን ለማስታወስ ያህል፣ አገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። አዋጁ ከሚጠብቃቸው መሐል የሰው የጤና መረጃ አንዱ ነው። ያኔ ቁስሉን በሞባይል ያነሱት ወጣቶች ምን ላይ እንዳዋሉት እስከ ዛሬ አናውቅም። አሁን ግን ለምን ብሎ የመጠየቅ መብት እንዳለን እናውቃለን።

ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ከጀመርን በኋላ ያስገረመን አንድ ታሪክ አለ። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ምኞት ዳግም መራመድ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.አ.አ. በ2004 ራሷም በአደጋ ተጎድታ በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ኪም አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ 681 ተጎጂዎችን «ከሁሉ በፊት ምን ቢመለስላችሁ ትወዳላችሁ?» ብላ ጠየቀች። አንገታቸው ላይ ከተጎዱት ግማሽ ያህሉ እጃችን አሉ። ከወገብ በታች የተጎዱት ዘንድ ከሁሉም በላይ የተመረጠው የባልና ሚስት ግንኙነት ነበር። የሽንትና የሰገራ ነገርም በሁለቱም ወገን ከፊት ከተሰለፉት አንዱ ሆነ። መራመድ አንደኛ አልወጣም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ሲጠቀስ ኖሯል። ትዳርን የሚመለከተውን ጥያቄ ወንድማችን መልሶት ወይም ዘሎት እንደሆነ አናውቅም። አንጠይቀውምም። በሩ ክፍት፣ ጆሯችን ሩቅ የሆነው ለዚህ ነበር።

ሌላው ከስዊዘርላንድ የተቀናጀው ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። እ.አ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በ22 አገሮች ከ12,500 በላይ ተጎጂዎች አንድ ዓይነት መጠይቅ ሞልተዋል። ሞሮኮ፣ ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ከመሐላቸው ናቸው፤ ከአፍሪካ ከሞሮኮ ሌላ ደቡብ አፍሪካ ነበረች። ኢትዮጵያ አልነበረችም። ከተሳታፊዎቹ ለሥራ በሚያበቃ ዕድሜ ላይ ካሉት ክፍያ የሚያገኝበት ሥራ የነበረው 38 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ወንድማችን ይህን ቁጥር ሲሰማ «38 ብቻ አትበሉ፤ 38ቱ እንዴት ሠሩ ብላችሁ ጠይቁልኝ» አለ። እጁ እኮ ዛሬም የለሳኝ እጅ ነው። ጥናት ውስጥ ያልገባ አገር ኑሮው በሌሎች መልስ ይገመታል። የሞሮኮው ሰው ስለ ራሱ ቤት ተናገረ፤ ስለ እኛ ጭቃማ መንገድ፣ ስለ ታክሲ ረዳት «ዊልቸር አልጭንም» ማለት፣ ስለ ጋራ መጸዳጃ ቤት ሊናገርልን አይችልም።

መጠይቁ ራሱም ጉድለት ነበረበት። ባለሙያዋ ስትጨርስ «የምትጨምረው አለ?» ብላ ነበር። ወንድማችን «ስለ ውዱእና ስለ ሶላት አንድም ጥያቄ የለም። እኔ በቀን አምስት ጊዜ የምቸገረው በእሱ ነው» አላት። ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ ውሃ፣ ሲመለስ ልብሱ ረጥቦ፤ እርጥብ ልብስ ላይ መቀመጥ ደግሞ ቁስል ያመጣል። ተራዊህ ለመስገድ የሄደ ጊዜ በዊልቸር ላይ ረጅም ሰዓት ይቀመጣል፤ በየ15 እና 30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ከፍ ማድረግ አለበት። ሰው ግን «ሶላት ላይ ለምን ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ዓይኑን ያፈጥበታል። ባለሙያዋ ይህን ሁሉ በባዶው ገጽ ላይ ጻፈችው። «ይህን ያነሳህልኝ የመጀመሪያው አንተ ነህ፤ ለቡድኑ አቀርበዋለሁ» አለችው። ሁለተኛው ዙር ላይ ይካተት አይካተት አናውቅም። ወንድማችን ግን ያን ቀን ቁመናው ተለውጦ ነበር፤ ሰው ምክር እንደጠየቀው ሽማግሌ ሆኖ ዋለ።

እንዲህ ያለ ስልክ ለሚደወልላችሁ የምንለው ጥቂት ነው። የኮሚቴውን ደብዳቤ ጠይቁ፤ ያለው ሰው ደስ ብሎት ያሳያል። ፎቶ ይነሳል ወይ፣ መረጃውን ማን ያየዋል ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ ሲወጣ ለእኛም ይነገረናል ወይ ማለትን አትርሱ፤ ብዙዎቹ የሚረሱት ይህንን ነው፣ እኛም ረስተነው በስልክ ነው የጠየቅናት። የትራንስፖርት ቢሰጧችሁ ነውር የለውም፤ ገንዘቡ በዝቶ እምቢ ለማለት የሚያስቸግር ከሆነ ግን ጥሩ ምልክት አይደለም። ፈርማችሁ በኋላ ብትቆጩ መውጣት ትችላላችሁ። እምቢ ብትሉም ሐቃችሁ ነው፤ ማንም ለምን ሊላችሁ አይገባም።

ቤታችን አሁን አሠራሩ ተቀይሯል። ሌሊት የሽንት ከረጢቱን የምንደፋው በተራ ነው፤ እናታችን ከተራው ወጥታለች። ትልቁን ከረጢት ገዝተናል፣ ውሃው በሁለት ሊትር ጠርሙስ ተለክቶ ይቀመጥለታል። የኢፍጣር ሰዓት ሲደርስ እኛ በቴምር ስናፈጥር እሱም ቴምሩን ከእኛ ጋር ያነሳል። ፊድያውን አባታችን በየቀኑ ለአንድ ሰው ምግብ በሳህን አድርገው ራሳቸው ይዘው ይወጣሉ። ትናንት ማታ ሳምቡሳና ሾርባ ነበር፤ የወሰዱት ለመስጂዱ ጥበቃ ነው።

ባለሙያዋ ከዒድ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ እንደምትመጣ ነግራናለች። ወንድማችን ከአልጋው ራስጌ አንድ ደብተር አስቀምጧል። እሷ የምትጠይቀውን ሳይሆን እሱ የሚጠይቃትን ነው የሚጽፍበት። እስካሁን አራት ደርሷል፤ አራተኛው ስለ መስጂዳችን ውዱእ ማድረጊያ ሦስት ደረጃዎች ነው። አባታችን ትናንት ከተራዊህ ሲመለሱ ሜትር ይዘው ሄደው የደረጃዎቹን ከፍታ ለክተው መጡና በደብተሩ ላይ እንዲጽፍ ነገሩት።